ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው



አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ስለ እኛ የሚነገረውን ነገር መንደሩ ሁሉ ሲሰማው የእኛው ጆሮ ግን ከሁሉ በኋላ ይሰማዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ሳይሰማው ይቀራል ማለታቸው ነው። ይህ ለማንኛውም ሰው እውነት ቢሆንም፣ በሰው ላይ ለተሾመ ሰው ደግሞ ይበልጥ እውነት ነው። ቆሞስ ቢሆን ወይም ካቴኪስት፣ ርእሰ መምህር ቢሆን ወይም የእድር ዳኛ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር ቢሆን ወይም የአንድ ቢሮ ኃላፊ፣ ሥልጣኑ ከፍ ባለ ቁጥር ስለ ራሱ እውነቱን የሚነግሩት አንደበቶች እየተዘጉ ይሄዳሉ።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። መሪ የሆነ ሰው ስለ አመራሩ እውነቱን ከሥራ ባልደረቦቹና ከበታቾቹ የመጠየቅ ግዴታ አለበትን? እነርሱስ የመንገር ግዴታ አለባቸውን? ቢጠይቅስ፣ እነርሱም ሳይሸማቀቁና ሳይሸነግሉት፣ እርሱም ሳይቆጣ እውነቱን እንዴት ሊሰማ ይችላል?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የገዛ ራሴ በደል ስለሆነ በእርሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጅማ ዙሪያ ከሚገኙት የቡና ከተሞች በአንዲቱ በቁምስና ሳገለግል፣ ከእኔ መምጣት በፊት ለረጅም ዘመን ያስተማሩ አንድ አረጋዊ ካቴኪስት ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንኡሰ ክርስቲያንን ሲያስተምሩ አንዳች ስሕተት ከሰማሁ፣ እዚያው በተማሪዎቹ ፊት አቋርጬ አርማቸው ነበር። ትምህርቱ እንዳይዛባ ከነበረኝ ቅንዓት የተነሣ እንጂ በክፋት አላደረግሁትም። በየዓመቱ መጨረሻም ካቴኪስቶቹን ሁሉ ሰብስቤ፣ «የእኔ ጉድለት ካለ በግልጽ ንገሩኝ» እላቸው ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አባ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ጉድለት አለብዎት! እግዚአብሔር ያቆይልን እንጂ።» እኔም ደስ ብሎኝ በጸሎት አሰናብታቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጋሼ የጉልበታቸውን ሕመም ምክንያት አድርገው አገልግሎቱን ተዉ። እኔም አመንኋቸው። ከወራት በኋላ በገና ሰሞን አንዲት እናት ልጃቸው ታሞባቸው ልጠይቅ ሄድሁ። ቡና ተፈልቶ አቦሉና ቶናው ተጠጥቶ በረካው ሲቀዳ፣ እኒያ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ። «አባ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎ። የጋሼ ጉልበት ደኅና ነው። ከሚያስተምሯቸው ልጆች መካከል የልጅ ልጃቸው ነበረችበት። በእርሷ ፊት እንደ ሕፃን መታረሙ ነው የከበዳቸው።»

ደነገጥሁ። «ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኋቸው።

«መቼ ጠየቁን፣ አባ?»

«በየዓመቱ እጠይቃችሁ አልነበረምን?»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «እርሱ ጥያቄ ነበር እንዴ? እኛ የስብሰባው ምርቃት መስሎን» አሉኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከኅሊናዬ አልጠፋም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠየቅሁ ብዬ አስብ ነበር፤ የጠየቅሁት ግን ምስጋና ነበር። ምስጋናም ተሰጠኝ። ዋጋውን የከፈሉት ግን ጋሼ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ይማሩ የነበሩት ልጆችም ጭምር።

የዝምታው ሥር

ሕዝባችን ለምን ዝም ይላል? ፈሪ ስለሆነ ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ብዙ ጊዜ ቢወቀስም በመሠረቱ መልካም ነገር ነው፤ ሰው ሌላውን እንዳያሳፍር፣ ሽማግሌን እንዳያዋርድ፣ እንጀራ የቆረሰበትን ቤት እንዳያማ የሚይዝ ልጓም ነው። አብረናቸው የምንኖረው የኦሮሞ ወገኖቻችንም «ሰፉ» በሚሉት ቃል ለእግዚአብሔር፣ ለወላጅና ለታላቅ የሚገባውን ክብር፣ ሊታለፍ የማይገባውንም ድንበር ያመለክታሉ። ስለዚህ ለመሪው ጉድለቱን የማይነግረው ሰው ብዙ ጊዜ በጎ ሥራ የሠራ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት እንጀራ ነው። ደመወዙ፣ ዝውውሩ፣ የልጁ የትምህርት ድጋፍ በአንድ ሰው ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ ሠራተኛ፣ ያ ሰው «በግልጽ ንገረኝ» ባለው ጊዜ በልቡ የሚያሰላው ብዙ ነገር አለ። ይህን ስሌት አድርጎ ዝም ቢል አስተዋይ እንጂ ሐሰተኛ ሊባል አይገባውም። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ እኛው መሪዎቹ ነን። አንድ ጊዜ ፊታችን ሲለወጥ ያየ ሰው፣ ሁለተኛ አይሞክረንም። እኛ የተለወጠውን ፊታችንን ልናይ አንችልም፤ እርሱ ግን ያስታውሰዋል።

በአገራችን ሁለት ተረቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ሌላው «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል። የመጀመሪያው ለተገዢው የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው ለገዢው። በጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም የሚታየው ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በወጣትነታቸው በነገሡ ጊዜ የእናታቸው የጉሚቲ ምክር ከፍ ያለ ቦታ እንደ ነበረው ይነገራል። ለአጤ ምኒልክ በሰላም ገብረው፣ ሌሎች አገሮች ካገኛቸው የጦርነት ጥፋት ጅማን ያተረፉትም ምክር በመስማታቸው እንደ ሆነ የአገሩ ሽማግሌዎች ያወሳሉ። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. እስከ 1932 ድረስ በስማቸው የሚጠራ መንግሥት ነበራቸው። ሁለተኛው ተረት የሚለው ይህንኑ ነው።

ግምገማ ያወረሰን ቁስል

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። በኢትዮጵያ ውስጥ «የሥራ ባልደረቦች ስለ መሪያቸው አስተያየት ይስጡ» ሲባል፣ ብዙው ሰው ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣው ግምገማ የሚለው ቃል ነው። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ሥርዓት ነበረ። ከ1983 እስከ 2012 ዓ.ም. አገሪቱን የመራው ኢሕአዴግ ደግሞ በትጥቅ ትግሉ ጊዜ በተለመደው ግምገማ መሣሪያነት ተጠቅሞ፣ ከበላይ አመራር እስከ ቀበሌና ትምህርት ቤት ድረስ አዳረሰው። በ2009 ዓ.ም. «ጥልቅ ተሐድሶ» በተባለው ዘመቻም ብዙ ሠራተኞች ቀናት በፈጀ ስብሰባ ተቀምጠዋል።

በእውነት ለመፍረድ፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ መልካም ዘር ነበረ። መሪ በባልንጀሮቹ ፊት ተጠያቂ ነው የሚለው አሳብ ትክክል ነው። አለቃ እንዲህ ተብሎ ሊጠየቅ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ድሃ ሠራተኛም ነበረ። ታዲያ ዘሩ ለምን መልካም ፍሬ አላፈራም?

አባቴ መምህር ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ከግምገማ ሲመለሱ ለእናቴ የሚነግሯትን እሰማ ነበር። እያንዳንዱ ሰው አስቀድሞ አንዲት ትንሽ ጥፋት አዘጋጅቶ ይገባል፤ «የሥራ ሰዓት የመሸራረፍ ችግር አለብኝ» ይላል። ትንሿን የሚናገረው ትልቋን እንዳይጠየቅ ነው። ሌላው ደግሞ የቆየ ቂሙን በሂስ ስም ይወጣበታል። ማን እንደሚወርድ ከስብሰባው በፊት የታወቀበት ጊዜም ነበረ። ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ያጨበጭባል፤ በማግሥቱ ግን መምህራን በሻይ ሰዓት እርስ በርስ መነጋገር ይፈራሉ።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እውነትና ቅጣት በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እውነት ተነሥታ ትሄዳለች። ሁለተኛ፣ በጉባኤ ፊት የሚነገር ነቀፋ፣ ተነቃፊውን ሰው ራሱን ወደ መከላከል እንጂ ራሱን ወደ መመርመር አይመራውም። ሦስተኛ፣ ሰው ስሕተቱን እንዲናዘዝ ሲገደድ ኑዛዜው ልምድ ይሆናል፤ ልብ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ባልደረቦቻችንን «አስተያየት ስጡን» ስንላቸው፣ ይህን ሁሉ ትዝታ ተሸክመው እንደሚሰሙን ልናውቅ ይገባናል። በቃሉ አንታመንም፤ በሥራችን መታመን አለብን።

የቆየው መንገድ

ከግምገማ በፊት በአገራችን መሪን መመዘን አልነበረምን? ነበረ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የገዳ ሥርዓት መሪዎቹን በየስምንት ዓመቱ ይተካል። በቦረና ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጉን ያስታውሳል፣ ያሻሽላል፤ በሥልጣን ላይ ያሉትም መሪዎች አካሄዳቸው ይመረመራል፤ ያጠፋ ከሥልጣኑ ሊወርድ ይችላል። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል። በእኛው በጊቤ አካባቢ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የነገሥታት አገር በሆኑ ጊዜ፣ የገዳው ጉባኤ ኃይል ደክሞ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ገባ። ስለዚህ መሪን የመጠየቅ ነገር ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም፤ የተዘነጋ የቤት ዕቃ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህን መንገድ ያውቀዋል። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ፣ አካሄዱ መልካም እንዳልሆነና እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ የነገረው አማቱ ዮቶር ነበር። ዮቶር ምድያማዊ እንጂ ከእስራኤል ወገን አልነበረም፤ ሙሴ ግን ምክሩን ሰምቶ የሺህና የመቶ አለቆችን ሾመ። ሮብዓም ደግሞ የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹ የሚያስደስተውን ሲነግሩት ሰማ፤ መንግሥቱም ለሁለት ተከፈለ። በሐዋርያት ዘመን የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ እርዳታ ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ማን እንዳጉረመረመ አልመረመሩም፤ የተባለው እውነት መሆኑን ተቀብለው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። በአንጾኪያም ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃወመው፤ የጴጥሮስ ሥልጣን በዚህ አልፈረሰም።

ከዚያም ወዲህ ያሉት አባቶች ይህንኑ አጸኑ። በ6ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ በነዲክቶስ በጻፈው የገዳም ሥርዓት፣ አበምኔቱ በከባድ ጉዳይ ላይ መነኮሳቱን ሁሉ እንዲሰበስብ ያዝዛል፤ የሚሻለውን አሳብ እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ ለታናሹ ይገልጣልና። ውሳኔው ግን የአበምኔቱ ሆኖ ይቆያል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው መቶ ዘመን «የበታች የበላዩን ሊገሥጽ ይገባዋልን?» ብሎ ጠይቆ፣ አዎን፣ ፍቅር ለሁሉ የታዘዘ ስለሆነ ይገባዋል፤ ነገር ግን በድፍረትና በስድብ ሳይሆን በትሕትናና በአክብሮት ይሁን ሲል መለሰ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው «ብርሃነ አሕዛብ» በተባለው ሰነድ፣ በ1983 የወጣውም ሕገ ቀኖና በቁጥር 212፣ ምእመናን እንደ ዕውቀታቸውና እንደ ሙያቸው ለቤተ ክርስቲያን ጥቅም የሚያስቡትን ለእረኞቻቸው የማሳወቅ መብት፣ አንዳንዴም ግዴታ እንዳላቸው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2024 በተፈጸመው ሲኖዶስ የመጨረሻ ሰነድም፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንኛውም የአገልግሎት ኃላፊነት በየጊዜው እንዲመዘን ተጠይቋል፤ ምዘናው በሰውየው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ሳይሆን የሚሻሻለውን ለማየት የሚረዳ መሆኑም ተገልጿል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ ይህን ሰነድ እንዳለ ተቀብለው አጽድቀውታል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል። መሪ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ምክንያቱም ሥልጣኑ ለእርሱ ክብር የተሰጠው ሳይሆን ለሌሎች ጥቅም የተሰጠው ዐደራ ነው፤ ዐደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ዐደራው ጎድሎ እንደ ሆነ የማወቅ ግዴታ አለበት። ማወቅ የሚገባውን ባለማወቁ የሚመጣው ጉዳት፣ «አላወቅሁም» በማለት ብቻ አይሠረይለትም። እኔ ጋሼን እንዳሳዘንሁ አላወቅሁም ነበር፤ ማወቅ ግን ይገባኝ ነበር።

ከቡና ቀማሾች የምንማረው

እንዴት እንጠይቅ ለሚለው፣ አገራችን ጅማ የምታውቀው አንድ ሥራ ትምህርት ይሰጠናል፤ ይኸውም የቡና ቅምሻ ነው። ብዙዎቻችሁ ቡናችሁን ለቅማችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጀንፈሉን ወይም እሸቱን አስረክባችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላያችሁ ይሆናል።

ለደረጃ ምደባ ከሚቀርበው ቡና ናሙና ይወሰዳል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተቋቋመ በኋላ በተዘረጋው አሠራር፣ በናሙናው ላይ የሚለጠፈው የባለቤቱ ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ነው። ቀማሹ ቡናው የባለጸጋ ይሁን የድሃ፣ የወዳጁ ይሁን የጠላቱ አያውቅም። መጀመሪያ ጥሬው ቡና ይታያል፤ የተበላሸው ፍሬ ይለቀማል፣ ይቈጠራል። ከዚያ ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በብዙ ስኒ ተደርጎ ሙቅ ውኃ ይጨመርበታል። ቀማሾቹ በማንኪያ እየማጉ ይቀምሳሉ፤ ይተፉታልም። ከመቶው 40 ለጥሬው፣ 60 ለስኒው ይሰጣል።

እዚህ ላይ የምናስተውለው ብዙ ነው። ቀማሹ አንድ ስኒ ብቻ ቀምሶ አይፈርድም። አንድ ሰው ብቻም አይቀምስም። «ቡናህ መጥፎ ነው» ብሎም አያቆምም፤ ሻጋታ ሸትቷል፣ ጭስ ሸትቷል፣ ኮምጥጧል ብሎ ነገሩን በስሙ ይጠራዋል፤ ባለቤቱም በለቀማው ይሁን በአደራረቁ ወይም በአቀማመጡ የቱ ላይ እንደ ሳተ ከዚህ ይረዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን አስቡ። ቡናውን ምድጃ ባለበት ቤት ያስቀመጠ ሰው የጭሱን ሽታ አያውቀውም፤ በየቀኑ የሚኖርበት ሽታ ነውና። ሌላ ሰው ካልነገረው በቀር እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ መልካም ቡና አለኝ ብሎ ይኖራል። የእያንዳንዳችን ጠባይም እንዲሁ የለመድነው የቤታችን ሽታ ነው።

እንዴት እንጠይቅ?

ከራሴ ስሕተትና ከሌሎች ወንድሞች ልምድ የተማርሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ጥያቄው ጠባብና ግልጽ ይሁን። «ጉድለቴ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ስለ መላ ሕይወታችን እንዲፈርድ ስለሚጋብዝ ማንም አይመልሰውም። ከዚያ ይልቅ «ባለፈው ዐቢይ ጾም በነበረው ዝግጅት ላይ እኔ ካደረግሁት የትኛው ሥራችሁን አከበደባችሁ? በሚመጣው ዓመት የቱን ልተው? የቱንስ ልጨምር?» ብንል፣ ሰው ስለ ሥራው መናገር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጊዜና ቦታ ይመረጥ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰው ሁሉ በቡና ለቀማ ተይዞ ሳለ የሚጠራ ስብሰባ፣ ጠያቂው ለመስማት እንዳልመጣ ይመሰክራል። በጉባኤ ከመጠየቅ ይልቅ አንድ በአንድ፣ ይልቁንም እኛ ወደ ቤታቸው ሄደን ብንጠይቅ ይሻላል። በቢሮአችን ወንበር ላይ እኛ ነን አለቃ፤ በእነርሱ ቤት፣ በቡናቸው ዙሪያ ግን እንግዶች ነን።

ሦስተኛ፣ በእኛ ፊት ሊናገሩ ለማይደፍሩ ሰዎች አማላጅ እናዘጋጅ። ሁሉም የሚያምኗቸው፣ ከእኛ ምንም የማይፈልጉ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት የሁሉን አሳብ ሰብስበው፣ የተናገረውን ሰው ሳይጠቅሱ ይንገሩን። የአስተያየት ሣጥን የሚያስቀምጡ አሉ፤ በብዙ ሰው መካከል ይጠቅማል። ስምንት ካቴኪስቶች ባሉበት ቁምስና ግን የእያንዳንዱ የእጅ ጽሕፈት ይታወቃል። ልንጠብቀው የማንችለውን ምስጢር እንጠብቃለን ብለን ቃል አንግባ።

አራተኛ፣ ስንሰማ አንከራከር፤ ምክንያታችንንም አንዘርዝር። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ሰው ጉድለታችንን ሲነግረን «ነገሩ እንኳ እንዲህ ሆኖ ነው» የሚለው ቃል ወዲያው ከአፋችን ይወጣል። ያ ቃል ለእኛ ማብራሪያ ነው፤ ለተናጋሪው ግን የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ እንጻፈው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንበል፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደርበት።

አምስተኛ፣ «ማን አለ?» ብለን አንጠይቅ። የተባለው እውነት ከሆነ ተናጋሪው ማንም ቢሆን እውነት ነው። ሐሰትም ከሆነ፣ ያ ሐሰት ለምን እውነት እንደ መሰለ መመርመር ይጠቅመናል።

ስድስተኛ፣ የሰማነውን መልሰን እንንገር። «እንዲህና እንዲህ ብላችሁኛል። ይህን አስተካክላለሁ፤ ይህን ግን በዚህ ምክንያት ላስተካክለው አልችልም» ማለት ይገባል። ከተባለውም ቢያንስ አንዱን ሰው ሁሉ በሚያየው መንገድ ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ በሚመጣው ዓመት እንደ ገና «ምን ጉድለት አለብዎት!» የሚለውን ምርቃት እንሰማለን።

የሚናገረው ሰው ግዴታ

ተናጋሪውም ግዴታ አለበት። ለመሪው ሳይነግር ለጎረቤቱ የሚነግር ሰው ሐሜተኛ ነው፤ ሐሜት ደግሞ ባለቤቱን ሳያርም ስሙን ብቻ ያጠፋል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ጌታችን ያስተማረው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻችሁን፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻም ለማኅበሩ። ግምገማው ይህን ሥርዓት ገልብጦ ከመጨረሻው ጀመረ፤ ሐሜተኛውም የመጀመሪያውን ይዘልላል።

ሊናገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። ይህን የምናገረው ለእርሱ ጥቅም ነው ወይስ ልቤ እንዲረካ? በዓይኔ ያየሁትን ነው ወይስ የሰማሁትን? ሰውየውን እነቅፋለሁ ወይስ ሥራውን? በእርግጥም ዝም ማለት የሚገባበት ጊዜ አለ። እንጀራው የሚቋረጥበት፣ ልጆቹ የሚራቡበት ድሃ ሁሉ ጀግና እንዲሆን እግዚአብሔር አይጠይቀውም። ሸክሙ በመጀመሪያ የበላዩ ነው፤ የሚናገርበትን መንገድ ደኅና አድርጎ የማዘጋጀት ዕዳ አለበትና።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ መለየት አለበት። እስካሁን የተናገርነው ስለ ጠባይና ስለ አመራር ጉድለት ነው። የማኅበር ገንዘብ ከተሰረቀ፣ ሕፃን ከተደፈረ፣ ደካማ ሰው ከተበደለ፣ ይህ በቡና ላይ በጨዋነት የሚነገር አስተያየት አይደለም፤ ለሕግና ለበላይ አካል መቅረብ ያለበት ወንጀል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት፣ በ2023 ባጸኑት ሕግ ካህናትና ገዳማውያን የተፈጸመን የወሲብ ጥቃት ለቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ይሉኝታ በዚህ ቦታ ስፍራ የለውም።

ሥልጣን ይወድቃልን?

«መሪ እንዲህ ራሱን ዝቅ ካደረገ ማን ይታዘዘዋል?» የሚል ይኖራል። ይህ ስጋት መናቅ የለበትም። የተነገረውን ሁሉ የሚከተል መሪ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል፤ ሕዝቡም ይናቀዋል። ይሁን እንጂ መስማትና መታዘዝ አንድ አይደሉም። ቡና ቀማሹ የተሰማውን ይናገራል፤ የአደራረቁን ጉዳይ የሚወስነው ግን ባለ ቡናው ነው። መሪም ከሰማ በኋላ በኅሊናው፣ በዕውቀቱና በጸሎቱ መርምሮ ይወስናል። አንዳንድ ጊዜ ሁሉም የሚነቅፉትን ነገር፣ ትክክል ስለ ሆነ ብቻ ማድረግ ይኖርበታል። ነገር ግን ሰምቶ እምቢ ያለ መሪና ሳይሰማ እምቢ ያለ መሪ በሰው ዘንድ እኩል አይደሉም፤ በእግዚአብሔርም ፊት አይመስሉኝም።

እኔ ስለ ጋሼ የሰማሁ ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ደጃፋቸው ስደርስ ግን ሁሉም ጠፋብኝና፣ «ጋሼ፣ በልጆቹ ፊት አሳፍሬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አልኋቸው። እርሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ይቀመጡ» አሉኝ። ቡና ተፈላ። ስለ ጉልበታቸው አንዳችም አላነሡም።

በመጨረሻው ስኒ ላይ ግን፣ «አባ፣ ሌላም ነገር አለ፤ ልንገርዎ?» አሉኝ። ልቤ ደነገጠ፤ «ይንገሩኝ» አልሁ። ሁለት ነገር ነገሩኝ፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ። እርሳቸው ከዚያ በኋላ ወደ ማስተማሩ አልተመለሱም፤ የጠፋው ሁሉ በይቅርታ አይመለስምና። ነገር ግን ከዚያ ቦታ እስክዛወር ድረስ በየሦስት ወሩ እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር፤ እርሳቸውም ይነግሩኝ ነበር። የልጅ ልጃቸው ቡናውን ስታቀርብ፣ አያቷ ካህኑን ሲያርሙ ትሰማ ነበር።

የተወደዳችሁ ካቴኪስቶች፣ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እያንዳንዳችን በአንድ ቦታ አለቃ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ የበታች ነን። አባት ለልጆቹ፣ መምህር ለተማሪዎቹ፣ ዳኛ ለእድርተኛው መሪ ነው። እንግዲህ የዘንድሮው ለቀማ አልቆ ጎተራው ከገባ በኋላ፣ እያንዳንዳችን አንድ ሰው መርጠን፣ ወደ ቤቱ ሄደን፣ አንዲት ጠባብ ጥያቄ ጠይቀን፣ መልሱን ዝም ብለን እንስማ። ጆሮአችን ባዳ ከሆነብን፣ የሚያዘምደው ወዳጅ ያስፈልገናል።